ማቀዝቀዣው የሚተፋው ሙቀት

አዳማ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና ገርባ፣ ጎተንበርግ፤

ባለሽበት የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። የምትነጂው ትራም በደኅና ወጥቶ በደኅና ይግባ። እኛም በምሕረቱ ቆመናል።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግተሽብኛል። እኔም ጮኼብሻለሁ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምንነጋገረው በጽሑፍ ይሁን። በጽሑፍ ማንም የማንንም አፍ አይነጥቅም። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ጎረቤታችን ዙህራ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንቺም በጽሑፍ መልሺልኝ። ጆሮዬ እንደ ድሮው ስላልሆነ በድምፅ የምትልኪውን ግማሹን አልሰማውም።

በመጀመሪያ የእናትሽን የዘርፉን ነገር። በመስከረም እንደወደቀች አለች። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም፤ አፏ ቃል አያወጣም። ሐኪሙ «የሚነገራትን መረዳቷን እርግጠኛ ሆነን መናገር አንችልም» ሲል አንቺም በስልክ ሰምተሻል። አንቺ አምነሽዋል። እኔ አላመንሁትም፤ ማስረጃ አለኝና። የዓሣ ገንዳዬን ከሳሎን አንስቼ በመኝታ ክፍሏ፣ ከአልጋዋ ግርጌ ባሻገር በመስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከዚያ አትነቅልም። ፊቷን ወደ ግድግዳው ብናዞረው አንገቷን እየጎተተች ወደዚያው ትመልሰዋለች። የማይረዳ ሰው እንዲህ አያደርግም። ዘርፉ ውስጥ ዘርፉ አለች ማለት ነው። ለዚህ ያለኝ ማስረጃ እነዚያ ዓሣዎች ብቻ ናቸው።

አሁን እነሱ እያለቁብኝ ነው። ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፤ የገንዳው ውኃ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ይደርሳል። ወርቃማ ዓሣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይፈልጋል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው አየር ስለሚያንስ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ከአምስቱ ሁለቱን ቀብሬአለሁ። የገንዳውን መብራት አጠፋሁ። ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ያደረግሁትን ሃይላንድ እያንሳፈፍሁ ሞከርሁ፤ ውኃው በአንድ ጊዜ ይወርድና በረዶው ሲያልቅ መልሶ ይዘልላል። ለዓሣ ደግሞ ከሙቀቱ ይልቅ መዋዠቁ ይከፋል። ቬንቲሌተር ልተክል ስል አክስትሽ ጉዲቱ በሩ ላይ ቆመች። እናትሽን ልታስታምም ከባቱ ከመጣች ጀምሮ የክፍሉ አዛዥ እሷ ናት።

«ነፋስ የመታት ሴት ባለችበት ቤት ነፋስ በሽቦ ይጎትታሉ እንዴ ጋሼ?» አለችኝ።

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ቺለር የሚባለው መሣሪያ ነው። ፓምፕ ውኃውን በጎማ ወደ ማሽኑ ይወስደዋል፤ ማሽኑ እንደ ፍሪጅ አቀዝቅዞ ይመልሰዋል። ገንዳዬ ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል። ለዚህ የሚበቃውን መርጠሽ ላኪልኝ።

አባትሽ ገርባ ዲበኩሉ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያድስ፤ እማዬንም በእጁ ይዳስሳት።

መልሱ የዘገየው ተናድጄ እየጻፍኩ ስቀድድ ነው። ይህኛውንም የጻፍኩት ተናድጄ ነው፤ መቅደድ ግን ሰለቸኝ።

አባዬ፣ ስለ እማዬ የመኝታ ቁስል ስጠይቅዎ «ደኅና ነው» ይሉኛል። የሰውነት እንቅስቃሴ ባለሙያው እየመጣ ነው ወይ ስልዎ «ይመጣል» ይሉኛል። ስለ ዓሣዎ ግን የውኃውን ዲግሪ፣ የገንዳውን መጠን፣ የሟቾቹን ቁጥር ጻፉልኝ። የእናቴ ክፍል ስንት ዲግሪ ነው? ለክተውት ያውቃሉ?

ደግሞም እማዬ ዓሣዎቹን መቼ ወዳ ታውቃለች? «ይኼን የሽማግሌ ቴሌቪዥን ከሳሎኔ አውጣልኝ» እያለች ስንት ዓመት ስትጨቃጨቅዎ አልነበረም? አሁን መናገር ሲያቅታት መኝታ ክፍሏ ድረስ አስገቡባት። እኔ እንጃ። ሰው የሚፈልገውን ያያል ብዬ እፈራለሁ። ሐኪሙ የተናገረውን ቢቀበሉ ለእርስዎም የሚቀልዎት ይመስለኛል።

ለማንኛውም ማሽኑን ገዛሁ። አብሮኝ የሚሠራው የአዳማ ልጅ፣ ፈሪድ፣ ለዒድ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ስለሚመጣ ይዞት ይመጣል። በአየር የሚነፋ ፍራሽም አብሬ ልኬአለሁ። እባክዎ መጀመሪያ የሚከፈተው ካርቶን የፍራሹ ይሁን።

ሻጩ አንድ ነገር አጥብቆ ጠይቆኛል። ማሽኑ ከውኃው ያወጣውን ሙቀት የሚጥልበት ቦታ ይፈልጋል፤ ክፍሉ አየር ያገኛል ወይ አለኝ። «አባቴ ፊዚክስ ሲያስተምር ነው የኖረው፤ ይህን ለእሱ አይነግሩትም» አልኩት። መስኮቱ ይከፈታል አይደል? ይጻፉልኝ።

ለፋሲካ ልመጣ አስቤ ነበር፤ ፈቃድ ከለከሉኝ።

ልጅዎ ትህትና


አዳማ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትህትና፤

የሰላም አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን። የጸሎት ቡድናችን ሐሙስ ሐሙስ እናትሽ አልጋ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ስምሽን ሳያነሡ አይበተኑም።

ፈሪድ ከባጃጅ ሲወርድ ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። መጀመሪያ የተከፈተው የፍራሹ ካርቶን ነው፤ እናትሽ ተኝታበታለች፤ ቁስሏ እየጠገገ ነው። ባለሙያውም በሳምንት ሁለቴ ይመጣል። ይህን የጻፍሁት ስለ ዓሣ ብቻ እንዳልጽፍ ነው።

አሁን ስለ ማሽኑ። በመመሪያው መሠረት ገጠምሁት። ጎማዎቹን አሳጠርሁ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ አጠብሁ፤ ሃያ ዲግሪ ላይ አደረግሁት። የመጀመሪያው ቀን ከሠላሳ አንድ ወደ ሃያ ሰባት ወረደና ደስ አለኝ። በማግስቱ ግን ሃያ ስምንት ሆነ፤ ከዚያ ሃያ ዘጠኝ። ኮምፕሬሰሩ ለአፍታ አያርፍም። ፓምፑን መረመርሁ፤ ደኅና ነው። ጎማዎቹ አልታጠፉም። ስለዚህ የማሽኑ አቅም ያንሳል ብዬ ደምድሜአለሁ። አሳንሰሽ ገዝተሻል። ከዚህ ከፍ የሚለውን ፈልጊልኝ።

መስኮቱን ጠይቀሻል። ክፍሉ መስኮት አለው። የክፍሉን ሙቀት ጠይቀሻል። የክፍሉ ሙቀት የአዳማ ሙቀት ነው።

እናትሽ ዓሣ አትወድም ነበር ላልሽው፣ ሰው ታሞ ሲተኛ ይለወጣል። አሁንም ዓይኗ እዚያው ነው። ጉዲቱም መስክራለች፤ «እንደ ሥራ ይዛዋለች» ነው የምትለው።

ፈቃድ መከልከልሽን አነበብሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር እናቱ አልጋ ላይ ወድቃ ፈቃድ የተከለከለ መምህር አላየሁም። ስዊድን ግን አላስተማርሁም።

አባትሽ ገርባ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ፤

እንኳን ለትንሣኤው በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ሌላ ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ይቅርታዎን።

አክስቴ ጉዲቱን በዙህራ ስልክ አገኘኋት። የተነጋገርነውን ልጻፍልዎ።

«አክስቴ፣ የእማዬ ክፍል እንዴት ነው? ይሞቃል?» አልኳት።

«ሊጥ ብታስቀምጪበት ዳቦ ሆኖ ይወጣል።»

«መስኮቱስ?»

«ዋቃዮ! መስኮቱንማ እኔ ራሴ በብርድ ልብስ ጠቅጥቄዋለሁ! ነፋስ አንዴ የቀመሰውን ሰው ይለምደዋል፤ ተመልሶ ነው የሚመጣው። በዚህ በኩል አታስቢ።»

«እማዬስ?»

«ላብ በላብ ናት። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ሽፍታ ወጥቷል። ግዴለም፣ ላብ በሽታ ያወጣል።»

አባዬ፣ እኔ «መስኮቱ ይከፈታል ወይ» ብዬ ጠየቅኩ። እርስዎ «መስኮት አለው» ብለው መለሱ። ተማሪ እንዲህ ቢመልስልዎ ስንት ይሰጡት ነበር? በቀይ እስክሪብቶ ሠርዘው ወላጅ ያስጠሩበት አልነበር?

ልጅ ሆኜ በሙቀት ፍሪጁን ከፍቼ ፊቱ ስቆም የያዙኝን ያስታውሳሉ? «ቤቱን የምታቀዘቅዢ መስሎሽ እያሞቅሽው ነው» ብለው እጄን ይዘው ከፍሪጁ ጀርባ አስነኩኝ። አቃጠለኝ። «ሙቀት አይጠፋም፤ ቦታ ነው የሚለውጠው» አሉኝ። እኔ እስካሁን አልረሳሁትም። እርስዎ እንዴት ረሱት? ማሽኑ ከውኃው ያወጣውን ሙቀት፣ የራሱንም ጨምሮ፣ በታፈነው ክፍል እናቴ ላይ እየተፋ ነው። ክፍሉ ውኃውን መልሶ ያሞቀዋል፤ ማሽኑ ያንኑ ሙቀት መልሶ ያወጣል። ለሦስት ዓሣ ብላችሁ እናቴን እየቀቀላችኋት ነው! ደግሞ ትልቁን ላኪ ይሉኛል! ትልቁ ቢመጣማ ትልቅ ምድጃ መላኬ ነበር።

ዛሬውኑ ያውጡት። ያወጡት ዕለት ይጻፉልኝ። ሌላ ነገር አይጻፉልኝ።

ትህትና


አዳማ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትህትና፤

እግዚአብሔር ለሁላችንም ልብ ይስጠን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ለአባት የማይጻፍ ቃል ጽፈሽልኛል። ከዚህ በፊት ማንም እንዲህ ጽፎልኝ አያውቅም፤ የትምህርት ቢሮ እንኳ። ሆኖም የጻፍሽው ትክክል ነው። ያነበብሁ ዕለት ማሽኑን አጥፍቼዋለሁ። የክፍሉ ሙቀት ሠላሳ ስድስት ነበር። ለክቼው ነበር፤ ለማንም አልተናገርሁም።

እንዴት ረሱት ላልሽኝ፣ አልረሳሁም። ማሽኑ ማረፍ ሲያቅተው ምክንያቱን በሁለተኛው ቀን ዐውቄዋለሁ። መስኮቱን ልከፍት ሄጄ ብርድ ልብሱን ነክቼ ሳላወርደው ተመልሻለሁ። ነፋስ የሚንቀሳቀስ አየር ነው እያልሁ ትውልድ ያስተማርሁ ሰው። እናትሽን የጣላት አንጎሏ ውስጥ የተዘጋ የደም ሥር እንደሆነ ሐኪሙ በፎቶ አሳይቶኛል፤ ዐውቃለሁ። ነገር ግን በወደቀች ጠዋት ያ መስኮት ክፍት ነበር። የከፈትሁትም እኔ ነበርሁ። ጉዲቱ በተናገረች ቁጥር ጭንቅላቴ «ስሕተት ነው» ይላል፤ እጄ ግን አይታዘዝም። አሁን ገባሽ? ካልገባሽም ግዴለም።

እኔ የጠየቅሽኝን መልሻለሁ። አሁን በተራዬ እጠይቃለሁ። ፍራሽ ላክሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሽን ላክሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትእዛዝ ላክሽ፤ ቁጣ ላክሽ። ራስሽን ለምን አልላክሽም? መጀመሪያ ለገና አልሽ። ከዚያ ለጥምቀት ሆነ። ለፋሲካ ፈቃድ ከለከሉኝ አልሽ። ሰው እንደዚህ የሚከለከልበት ሥራ ካለ ሥራ አይባልም። እናትሽን ሌሊት የምናገላብጠው እኔና ጉዲቱ ነን። የእሷ ወገብ እንደ እኔው አርጅቷል። ከሩቅ ሆኖ ማረም ቀላል ነው፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ስኖር ዐውቀዋለሁ።

ማሽኑን አልጥለውም። ጫላ የሚባል ግንበኛ አነጋግሬአለሁ። የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ በድሪል ይበሳልኛል፤ ማሽኑ በረንዳው ጥላ ላይ ይቀመጣል፤ ጎማዎቹ በቀዳዳው ይገባሉ። ሙቀቱን ለአዳማ ይትፋው፤ አዳማ ለምዶታል።

አባትሽ


ጎተንበርግ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፤

ጤና ይስጥልኝ።

የከለከለኝ መሥሪያ ቤቴ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዴ ካለቀ ዓመት ሆኖታል፤ እድሳቱን አመልክቼ እስካሁን መልስ የለም። መልሱ ሳይመጣ ከአገር ከወጣሁ መመለስ እንደማልችል ነግረውኛል። እዚያው ከቀረሁ ደግሞ የእማዬን መድኃኒት ማን ይገዛል?

ያልነገርኳችሁ እማዬ እንዳትሰማ ነበር። ከዚያ እማዬ ወደቀች፤ ከዚያ ደግሞ መንገሩ ከመዋሸቱ ይልቅ ከበደኝ። በየቀኑ ትራሙን ይዤ በአየር ማረፊያው አውቶቡስ ፌርማታ በኩል አልፋለሁ። ሻንጣ የያዘ ሰው ሲሻገር ደወሉን መደወል እረሳለሁ።

ስለዚህ «ራስሽን ለምን አልላክሽም» ብለው ሁለተኛ እንዳይጽፉልኝ።

ትህትና


አዳማ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፤

ለስደተኛ የሚሟገት አምላክ በሄድሽበት ቢሮ ሁሉ ቀድሞሽ ይግባ።

ስለ ፈቃዱ የጻፍሽውን አንብቤአለሁ። ሁለተኛ አልጽፍልሽም። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ የቆጣሁሽን ያህል እጸልይልሽ ነበር። በዚህም ተናድጃለሁ፤ ግን ይቆየን። ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነው፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ አልጨርሰውም።

ጫላ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የድሪሉ አቧራና ንዝረት ዓሣዎቹን እንዳይጎዳ በባልዲ አወጣኋቸው፤ ገንዳውን አጉድለን ለሁለት ተሸክመን ሳሎን አስገባነው። የመኝታ ክፍሉ ማዕዘን ባዶ ሆነ። ተመልሼ ስገባ እናትሽ ዓይኗን ከዚያው ቦታ አልነቀለችም። ለምዳው ይሆናል አልሁ። በሩን ከፍቼ፣ ጭንቅላቷን በትራስ ደግፌ፣ ገንዳውን በሳሎኑ በኩል አሳየኋት። አንዴም አላየችውም። አንገቷን እየጎተተች ወደ ባዶው ማዕዘን መለሰችው።

ያን ጊዜ ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ የቆጣሁበትን ነገር እኔ ራሴ አለማድረጌ ታየኝ። መለኪያ የሚነበበው ዓይንን በልኩ አድርጎ ነው፤ ከላይ ቆሞ የሚያነብ ይሳሳታል። እኔ እናትሽ የምታየውን ሳይ የኖርሁት ቆሜ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተጋደምሁና ጭንቅላቴን ከጭንቅላቷ አጠገብ ትራሱ ላይ አደረግሁት። ጫላ አፍሮ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ሲታይ ትህትና፣ ገንዳው የነበረበት ቦታ አይታይም። የአልጋው ግርጌ ሳንቃ ይጋርደዋል። ቢበዛ የገንዳው ክዳን ቢታይ ነው። ዓሣ የሚባል ነገር አልታየም፤ አንድም ቀን። የሚታየው መስኮቱ ነው። በብርድ ልብስ የተጠቀጠቀው መስኮት።

ተነሣሁ። «ጉዲቱ፣ ይኼን ብርድ ልብስ አውርጂ» አልሁ።

«ምን አሉ?»

«አውርጂ።»

«ሊገድሏት ነው ጋሼ?»

«ጉዲቱ!»

«አላወርድም! እህቴ ናት! እርስዎ ይሂዱና ዓሣዎን ያስታምሙ!»

ጫላ ድሪሉን እንደያዘ «ጋሼ፣ እኔ ልውጣ እንዴ?» አለ።

«አንተ ቁም!» አልሁት፤ ለምን እንዳስቆምሁት አላውቅም። ሄጄ ብርድ ልብሱን በሁለት እጄ ጎተትሁት። ጉዲቱ በሌላው ጫፍ ያዘችው። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ብታዪን ታፍሪብን ነበር። ተቀደደ። መስኮቱን ከፈትሁት።

የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ አቧራውን ይዞ ገባ። ድምፁም አብሮ ገባ። የመንገዱ፣ የሰዉ፣ የዙህራ ዶሮዎች። በራችን ላይ ደግሞ አንድ ባጃጅ ዘፈኑን ከፍቶ ቆሟል፤ እናትሽ ከዚያ መስኮት ሆና «እዚህ መናኸሪያ ነው እንዴ! አንሣ!» እያለች የምታባርራቸው ዓይነት። ጉዲቱ «ያ ረቢ!» ብላ ልትዘጋው አልጋውን ታክካ ሮጠች።

እናትሽ መታቻት።

በግራ እጇ ነው። እጇ ከአንሶላው ተነሥቶ ሲያልፍ አየሁት፤ የጉዲቱን ክንድ ጯ አደረገው። ድምፅም አወጣች። ቃል አይደለም፤ ግን ትርጉሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባጃጆቹን ስታባርር የምታወጣው ነው።

ጉዲቱ ክንዷን ይዛ ቆመች። «መታችኝ» አለች። «ጋሼ፣ እኔን እኮ መታችኝ!» ከዚያ አልጋው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ መሳቅም ጀምራ ነበር። ጫላ ወጥቶ ባጃጁን አስነሣ።

መስኮቱ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም። ጫላ የበሳው የሳሎኑን ግድግዳ ነው፤ ዓሣዎቹ ከእንግዲህ እዚያ ናቸው።

መስኮቱ ከተጠቀጠቀ ሰባት ወር አልፏል ልጄ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው እንዲከፍትላት ስትለምን እኔ ዓሣ ታያለች እያልሁ ለአንቺ እጽፍ ነበር።

አባትሽ


ጎተንበርግ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፤

ምን ብዬ ሰላምታ ልስጥዎ?

በእረፍት ሰዓቴ የሠራተኞች ክፍል ተቀምጬ አነበብኩት። አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ ልተረጉምላት አልቻልኩም። እኔ እናቴ የለችም ብዬ አምኜ ነበር። ሐኪሙ ስላለ። በልቤ ቀብሬአት፣ መድኃኒቷን እየላክኩ፣ ትራሜን እነዳ ነበር። እናንተ ደግሞ አጠገቧ ሆናችሁ መስኮቷን ጠቀጠቃችሁባት። በእርስዎ ብናደድ በራሴ እናደዳለሁ፤ በአክስቴ እንዳልናደድ የተመታችው እሷ ናት።

ካሁን በኋላ አንድም ሰው እማዬን ሳይጠይቃት ምንም እንዳያደርግ። ውኃ ትፈልጊያለሽ ወይ ተብላ ትጠየቅ። መብራት ይጥፋ ወይ ተብላ ትጠየቅ። አዎ ከሆነ ግራ እጇን ታንሣ። ይህን ያህል አይከብድም አባዬ!

ድምፄን ቀድቼ ልኬአለሁ። እርስዎ ባይሰሙትም ለእሷ ነው። ጆሮዋ ላይ አድርጉላት። ምን እንዳደረገች አንድም ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ። እንደ እርስዎ ግምት ሳይሆን እንደሆነው።

ትህትና


አዳማ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፤

ያደረሰን አምላክ ይመስገን፤ አንቺንም በያለሽበት ያቁምሽ።

አንድም ሳትቀንስ ጻፍ ብለሻል። እንደሆነው እጽፋለሁ።

ዓሣዎቹ ሦስቱም ደኅና ናቸው። ማሽኑ በረንዳው ጥላ ላይ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ፣ በዙሪያው አየር አግኝቶ ተቀምጧል። ጎማዎቹን በስፖንጅ ጠቅልዬአቸዋለሁ። ከሃያ ወደ ሃያ አራት ከፍ አደረግሁት፤ ዓሣዎቹ ከዚያ በታች አይፈልጉም፤ ሃያን የፈለግሁት እኔ ነበርሁ። አሁን ጥቂት ይሠራና ረዘም አድርጎ ያርፋል። አሳንሰሽ አልገዛሽም፤ የጻፍሁትን አንሥቻለሁ። ዓሣዎቹን የሚያይ ሰው የለም። እኔ አያቸዋለሁ።

እናትሽን በግራ እጅ መጠየቅ ጀምረናል። ለሾርባ እጇን ታነሣለች። ለጸሎት ቡድኑ ታነሣለች። ለዙህራ ወሬ ሁልጊዜ ታነሣለች። ጉዲቱን ይቅር ብላታለች፤ ፀጉሯን የምትሠራት እሷ ናት፤ ደስ ሲላት ደግሞ «በይ ምቺኝ እስኪ» እያለች ትተነኩሳታለች። ለእኔ ግን አታነሣም። እኔ ስገባ ፊቷን ታዞራለች። ትራሷን ላስተካክል ስል እጄን ትገፋዋለች። ትላንት ሾርባውን እኔ ስይዝላት ከንፈሯን ገጠመች፤ ማንኪያውን ጉዲቱ ስትቀበለኝ ከፈተችው። ሐኪሙ ለክትትል መጥቶ «ሰው ትለያለች ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። «እኔን ለይታ ታውቀኛለች ዶክተር» አልሁት። ጉዲቱ ከት ብላ ሳቀች።

አሁን ያንቺን። ድምፅሽን ዙህራ ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ስትዪ ዓይኗ ተከፈተ። ሁሉንም ሰማች። እስከ መጨረሻው ድረስ ሰማች። ከዚያ በግራ እጇ ስልኩን ገፋችው፤ ከአልጋው ወደቀ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዙህራ ደንግጣ ልትደግመው ስትል እናትሽ ያን ባጃጅ የምታባርርበትን ድምፅ አወጣች።

አታልቅሺ። እኔም መጀመሪያ ልደብቅሽ ፈልጌ ነበር፤ ሁለት ቀን አሰብሁበት። ፊቷን ያዞረችው ከሐኪሙ አይደለም፤ ከጫላም አይደለም። ከማያውቁት ሰው ማንም አይኳረፍም። ዘርፉ ያኮረፈችው እኔንና አንቺን ብቻ ነው። ማን አጠገቧ ሆኖ እንዳላያት ታውቃለች። ማን እንደዘገየም ታውቃለች።

ስለ ፈቃዱ ነገርኋት። መንገር ያለብሽ አንቺ ነበርሽ፤ ነገር ግን ካሁን በኋላ በዚህ ቤት የሚደበቃት ነገር የለም። ሰማችኝ። ፊቷን ግን አልመለሰችም።

ወረቀትሽ የመጣ ዕለት ትኬት ቁረጪ። በደንብ ትቆጣሻለች።

አባትሽ ገርባ ዲበኩሉ